ጋቢ የለበሰው ሰርቨር

አፀደን የሚቀብራት እድሩ ነው። ይህን ሀና ማርያም አካባቢ የማያውቅ የለም፤ እሷም ደብቃው አታውቅም። ልጅ አልወለደች፣ ባሏ ቀድሟት ሄደ፣ ወንድሞቿም አገር ቤት እንዳሉ አለቁ። ታዲያ ሰው ሲያዝንላት ደሟ ይፈላል።

«ልጅ ያላቸውንስ አይተናል አይደል?» ትላለች። «ልጆቹ ቤት ለመካፈል ሲናጩ ድንኳኑን የተከለው፣ ወጡን የሠራው፣ ሬሳውን የተሸከመው ማነው? እድሩ! የኔ ልጆች አገር ምድሩን የሞሉ ናቸው።»

እውነቷን ነበር፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ። ላፍቶ ሲፈርስና ሲሠራ፣ መንገዱ ሲሰፋ፣ ለሰው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው፣ ያ አገር ምድሩን የሞላ ልጅ ተበተነ። ከፊሉ ኮዬ ፈጬ ገባ፣ ከፊሉ ቱሉ ዲምቱ፣ የቀረው ጀሞ። እድሩን የተወ ግን የለም፤ ሰው ቤቱን ይለውጣል እንጂ ቀባሪውን አይለውጥም። ችግሩ መርዶው አይደርሰውም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አያ ኮርሳ ነው። ላፍቶ እርሻ በነበረ ጊዜ፣ ከአባቱ የገብስ ማሳ ላይ ቆሞ ሲነፋ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው ነጠላውን ያነሳ ነበር። ዛሬ የሚኒባሱ ጥሩምባ ይበልጠዋል፤ ጉልበቱም ከድቶታል። ኮዬ ፈጬ ድረስ በየትኛው ሳንባው ይንፋ?

ግንበኛው ወጋየሁ ያረፈ ጊዜ ነገሩ ለየለት። ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ወንበር በዛ። አፀደ የእቃ ቤቱ ሃላፊ ናት፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም በእሷ ቁልፍ ይወጣል፣ በእሷ ቁልፍ ይገባል። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሰው ያልተቀመጠባቸውን አግዳሚዎች አቧራቸውን እንደያዙ መልሳ ደረደረች። ወጋየሁ ሚስትና ልጆች እያሉት በባዶ ድንኳን ከተለቀሰለት፣ እሷስ? ለማንም አልተናገረችም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ወንበር ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁር ጀመር።

መላውን ያመጣችው ዶርቃ ናት። ዶርቃ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከሆሳዕና መጥተው እዚሁ የከተሙ ጴንጤዎች ናቸው። እድሩ ሲቀበላቸው አንዳንዱ አጉረምርሞ ነበር። አፀደ ናት «ጸሎታችን ቢለያይ ሞታችን አንድ ነው» ብላ አፉን ያስያዘችው። ልጅቷ ብስራተ ገብርኤል አጠገብ ካለ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ሥራ ትተዳደራለች። በወርሃዊው ስብሰባ ተነስታ ለእድሩ ዌብሳይት ልሥራላችሁ አለች። መርዶ ሲመጣ ሰብሳቢው አንዴ ጽፎ ይጫናል፤ ወዲያው በያንዳንዱ አባል ስልክ መልእክት ይገባል፤ የቀብሩ ቦታና ሰዓት ደግሞ ዌብሳይቱ ላይ ይወጣል። ኮዬም ያለ፣ ጀሞም ያለ እኩል ይሰማል።

አፀደ ይህን ስትሰማ ያ ባዶ ድንኳን ትዝ አላት። ፊቷ ግን እንደ ድንጋይ ነበር።

«ይሄ ነገር የት ያድራል?» አለች።

ዶርቃ ሳቅ አለች። «ጥሩ ጥያቄ ነው እማማ። የሚያድርበት ማሽን ይፈልጋል፣ ሰርቨር የሚባል። ሌሊት ተቀን አይተኛም። ውጭ አገር ካሉት መከራየት ይቻላል፣ ግን በዶላር ነው፤ ለእኛ አይመችም። እዚሁ ከተማ ውስጥ ግን ዳታ ሴንተር የሚባል አለ። ጄኔሬተር አለው፣ ቀዝቃዛ አየር ይነፍስበታል፣ ጥበቃ አለው። እዚያ ቦታ ብንከራይ ነው የምመርጠው።»

«ኪራይ?» አለች አፀደ። ቃሏ እንደ ምራቅ ወጣ።

«አዎ እማማ። ወይ ደግሞ የራሳችንን ገዝተን እዚህ እናስቀምጠዋለን፤ ያኛው ግን ጣጣው ብዙ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ አከራይ ሲስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። በክረምት አልጋዬን ደጅ አውጥተውብኛል፤ ፍራሼ ዝናብ ጠጥቶ ለሁለት ሰው አልነሳ ብሎ ነበር። አሁን ደግሞ የሙታኖቻችንን ስም ሰው ቤት በኪራይ ላስቀምጥ? አከራዩ የከፋው ቀን ስማችንን ዝናብ ላይ ሊያወጣው ነው?»

«እማማ፣ ውል እኮ አለ።»

«እኔም ውል ነበረኝ።»

ሰብሳቢው አቶ ከበበው መነጽራቸውን አወለቁ። ጡረታ እስኪወጡ መሥሪያ ቤት የኖሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጨዋነታቸው ነው የሚጎዳቸው። «ወይዘሮ አፀደ፣ ባለሙያዋ ናት እኮ የምትነግረን» አሉ።

«ባለሙያ ብትሆንም ልጃችን ናት፤ ልጅ ደግሞ በኪራይ ቤት አልተንገላታችም። አቶ ከበበው፣ እድሩ እቃ ቤት አለው? አለው። ቁልፍ አለው? ይኸውና!» ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አንኳኳችው። «ድንኳኑን ሳስቀምጥ አይጥ በልቶት ያውቃል? ድስቱ ጠፍቶ ያውቃል? እንግዲያው ይሄም እቃ ነው፤ ከእቃዎቹ ጋር ይደር።»

እጅ ሲወጣ የበዛው ከእሷ ጋር ወጣ። በኪራይ ያልተንገላታ ማን አለ? ዶርቃ አልተከራከረችም። ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ «እሺ፣ በደንብ ከተያዘ ይሠራል» ብቻ አለች።

ማሽኑን ለመምረጥ ሁለቱ ብስራተ ገብርኤል ሙሴ ሱቅ ሄዱ። ሙሴ ያገለገለ ኮምፒውተር ነጋዴ ነው። ዶርቃ የዳቦ ቅርጫት የማታክል ጥቁር ሣጥን አነሳች፤ መብራት አትበላም፣ አትጮህም፣ አትሞቅም፣ ለእድር ትበቃለች አለች። አፀደ ግን ዓይኗ ጥግ ላይ ሄዷል። እዚያ ከትልቅ መሥሪያ ቤት የወጣ፣ ጠፍጣፋና ረጅም፣ እንደ ሬሳ ሣጥን ወለሉ ላይ የተጋደመ ሰርቨር ነበር። ቀርባ እንደ ሸክላ በጣቷ አንኳኳችው። ጫፉን ብድግ ልታደርገው ሞከረች፤ አልነቃነቅ አላት።

«ይሄ ነው» አለች።

«እማማ፣ እሱ ለብዙ ሺህ ሰው ነው። ይጮሃል፤ ሙቀቱም ከባድ ነው። ለእኛ ትንሿ…»

«የእድር ድስት ትንሽ ሆኖ ያውቃል? ዛሬ ከሞላን ነገ እንበዛለን። ትንሽ እቃ ለላጤ ነው።»

ሙሴ ያ ቆርቆሮ ቦታ ይዞበት ኖሮ ነው መሰል፦ «እናት፣ ዓይንዎ ያያል! እቃ ማለት እሱ ነው» አለ። ዶርቃ ሙሴን ገላመጠችው፤ ሙሴ ጣሪያውን አየ።

እቃ ቤቱ ውስጥ ከብረት ድስቶቹ አጠገብ አኖሩት። ዶርቃ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ገጠመች፣ መስመሩን ዘረጋች፣ ስሞቹን አስገባች። ስትጨርስ መስኮቱን ከፍታ አፀደን እጇን ይዛ አሳየቻት።

«እማማ፣ ከኋላው የሚወጣውን ንፋስ ይሰማሉ? እየተነፈሰ ነው። ይሄ መስኮት አይዘጋ። ማሽኑ ላይ ምንም ነገር አይቀመጥ። አደራ።»

«አደራ ለማን እንደሚሰጥ የምታውቂ ልጅ ነሽ» አለች አፀደ፤ ተኩራርታለች።

ሠራም። አንዲት የጀሞ አሮጊት ባረፈች ጊዜ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፣ ድንኳኑ ሞላ፣ ወንበር ተሻሙ። አፀደ በእድሩ ግቢ ደረቷን ነፍታ ተንጎራደደች። አያ ኮርሳ እንኳ ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ «አንቺ፣ ይሄ ቆርቆሮሽ ጡረታ አወጣኝ እኮ» አላት።

«አንተማ ድሮም የምትነፋው ከምሳ በኋላ ብቻ ነበር» አለችው። ሁለቱ ሲሰዳደቡ ነው ያረጁት፤ ባይሰዳደቡ ኖሮ ሰው ተጣሉ ይል ነበር።

ነገር ግን ማሽኑ ሲጮህ አይጣል ነው። እቃ ቤቱና መሰብሰቢያው የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው፤ ካህኑ ጸሎት ሲያደርሱ ያ ነገር ከወዲያ ያጓራል። አቶ ከበበው ሲናገሩ ያጓራል። በዚህ ላይ በጋው ገባና የመንገዱ ቁፋሮ ጀመረ፤ አቧራው በመስኮት እየገባ ማሽኑን ዱቄት አስመሰለው። አፀደ አቧራ ከምታይ እባብ ብታይ ይሻላታል። መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋች። ቀጥሎ ቤቷ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን ዳንቴል አምጥታ አለበሰችው፤ ያማረ እቃ ያለ ዳንቴል ራቁቱን አይቀመጥም። ጩኸቱ አልበርድ ሲላት ደግሞ የባሏን ጋቢ አጥፋ ደረበችለት።

ጋቢውን በለበሰ በማግስቱ ማሽኑ ዝም አለ።

«ተመስገን፣ ተገራ» አለች አፀደ፤ ቆልፋው ወጣች።

በዚያው ሳምንት አያ ኮርሳ ንጋት ላይ አረፈ። ልጁ በንቲ ለአቶ ከበበው ነገራቸው፤ አቶ ከበበው ጻፉ፣ ተጫኑ። አልሄደም። ደግመው ተጫኑ። ኔትወርክ ነው ብለው ጠበቁ፤ ጨዋ ሰው ይጠብቃል። ረፋዱ ላይ ነው ለዶርቃ የደወሉላት። ልጅቷ ሥራዋን ጥላ ስትመጣ አፀደ እቃ ቤቱን ከፈተችላት፤ ከውስጥ የወጣው ሙቀት እንደ ዳቦ ቤት ፊታቸውን መታው።

ማሽኑ ዳንቴሉንና ጋቢውን ለብሶ፣ እንደታመመ ሰው ተኝቷል። ዶርቃ ጋቢውን ገፋ አድርጋ ጎኑን ነካችውና እጇን መለሰች። ወደ አፀደ ዞረች። 

«ታፍኖ ነው?» አለች አፀደ።

«ሞቆት ራሱን አጥፍቷል። ውስጡም የተቃጠለ ነገር አለ። ዛሬ አይነሳም እማማ፤ የአባላቱ ስልክ ቁጥርም ውስጡ ነው።»

አፀደ ጋቢውን አንስታ ክንዷ ላይ አደረገችው።  ከዚያ ኮርሳ ቤት ሄደችና ከበንቲ እጅ ጥሩምባውን ተቀበለችው። ሴት የእድር ጥሩምባ ነፍታ አታውቅም፤ ማንም ግን ሊከለክላት አፉን አልከፈተም። ስትነፋው እንደታነቀች ላም ጮኸ። ግን ሰው ከየቤቱ ወጣ። የኮርሳን አነፋፍ ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰፈር፣ ጥሩምባው በሌላ አፍ ሲነፋ ማን እንደሞተ ነጋሪ አላስፈለገውም። እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ እያረፈች ነፋች። ከዚያ ወዲያ የመኪናው ጩኸት ዋጣት።

የቀረበ መጣ፤ የራቀ አልመጣም። አሁንም የአግዳሚው ግማሽ ባዶውን ቀረ። የኮርሳ የእርሻ ባልንጀራ ኖላዊ ቱሉ ዲምቱ ነው የሚኖረው። እሱ የሰማው በሠልስቱ ነው። መጥቶ ድንኳኑ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀመጠና «አንድ ጭብጥ አፈር እንኳ አላለበስኩትም» እያለ አለቀሰ። አፀደ ውሃ ልትሰጠው ቀርባ ስለነበር ቃሉን ከአፉ ሰማችው። ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀምጣ፣ ፊቱን ሳታይ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዶርቃ ተጠየቀች። ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች። «ማሽኑ አሮጌ ነበር፣ በጋውም…» ብላ ጀመረች።

«ተይ!» አለች አፀደ ተነስታ። «ለእኔ ብለሽ አትዋሺ፤ አያምርብሽም። በጋው አይደለም፣ እኔ ነኝ። መስኮቱን የዘጋሁት እኔ፣ ዳንቴል ያለበስኩት እኔ፣ ጋቢ የደረብኩት እኔ። ትንሿን አንሺ ስትለኝ ትልቁን ያሸከምኳትም እኔ ነኝ። ልጅቷ አደራ ብላኝ ነበር። ኮርሳ በግማሽ ድንኳን የተቀበረው በእኔ ነው።»

 እሷ ስትሰድብ የለመደ ሰው፣ ራሷን ስትሰድብ እርስ በርሱ ተያየ።

«እና ምን ይሻላል ወይዘሮ አፀደ?» አሉ አቶ ከበበው ቀስ ብለው።

«ምን ይሻላል ይላሉ እንዴ? ኪራይ ነዋ! የኔን ፍራሽ ያወጣው አከራይ የዚህን ማሽን አከራይ አይወልደውም። ዝናብ ያልኩት እኔ፣ በሙቀት የገደልኩትም እኔ። ይሂድ፣ ቀዝቃዛ ቤቱ ይደር። አንቺ ልጅ፣ ይሄን ቤት ግን ሳላየው አልፈርምም።»

ፊርማዋ የጣት አሻራ ነው፤ ግን የእቃ ቤቱ ሃላፊ ናትና ያለ እሷ አውራ ጣት እቃ አይወጣም። ዶርቃ ይዛት ሄደች። አፀደ ነጠላዋን ተጠቅልላ በዚያ ብርዳም ክፍል ውስጥ በተደረደሩት ማሽኖች መሃል አለፈች። አንዱም ዳንቴል የለበሰ የለም። ሁሉም ያጓራሉ፤ የሚቆጣቸውም የለም። ጥበቃውን «መብራት ሲጠፋስ?» አለችው። ጄኔሬተሩን አሳያት። «አንተ ስትተኛስ?» አለችው። ተረኛውን አሳያት። ሌላ የሚጠየቅ ብታጣ «ወለላችሁ ንጹሕ ነው» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ምርቃት ነው። ትልቁ ማሽን ለሙሴ ተመለሰ። ሙሴ ጣሪያውን እያየ ተረከበ። በዳታ ሴንተሩ ካሉት ማሽኖች በአንዱ ላይ ትንሽ ቦታ ተከራዩ። የአባላቱ ስምና ስልክ ቁጥር ቅጂ ደግሞ በመዳፍ የምትያዝ ዲስክ ላይ ተደርጎ፣ እቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ በአፀደ ቁልፍ።

«አሁን መሞከር አለብን» አለች ዶርቃ። «ለሁሉም አንድ መልእክት ልላክና ማን ጋ እንደደረሰ፣ ማን ጋ እንዳልደረሰ አያለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

አፀደ ቁልፏን አንገቷ ላይ አዟዟረችው። «በእኔ ሞክሪ» አለች።

«እንዴት ማለት?»

«ስሜን ጻፊና። ሞተች አትበይ፤ በሕይወት አለች በይ። ውሸት አይደለም።»

«እማማ፣ ሰው ይደነግጣል እኮ!»

«ይደንግጣ! የሚደነግጥልኝ ካለ ልየው።»

ዶርቃ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ጻፈችው፦ ከእድሩ። ወይዘሮ አፀደ በሕይወት አሉ። ይህ ሙከራ ነው። ተጫነችው።

የእድር መልእክት ማለት ግን ምን ማለት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከእድሩ የሚለውን ያየ፣ ስሙን ያየ፣ ወደ ታች ምን ሊያነብ ይወርዳል? ነጠላውን ነው የሚያነሳው። የአፀደ ስልክ ጮኸ። ኮዬ ፈጬ ያለችው የጥንት ጓደኛዋ አምሳለ ናት፤ ከኋላዋ የታክሲ ድምፅ ይሰማል።

«ይሄን ስልክ ያነሳው ማነው?» ትላለች፣ እያለቀሰች።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ማነሽ?»

«አፀደ ነኛ!»

«አልሞትሽም እንዴ?»

«ለሟች አረዱት ማለት አሁን ነው! ማንበብ ተምሬያለሁ ትይ የለም እንዴ? እስከ ታች አታነቢም?»

«መነጽሬን አላደረግሁ! ስምሽን ሳይ ጮህኩ፤ ፎቁ ሁሉ ወጣ!»

«በይ ተመለሺ።»

«አልመለስም፣ ለታክሲው ከፍያለሁ!» ብላ ዘጋችባት።

ከሰዓት በኋላ መምጣት ጀመሩ። ከቱሉ ዲምቱ ኖላዊ በትሩን እየመታ መጣ፤ ከጀሞ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከበሩ ላይ ወይኔ እያሉ ገቡ። አፀደ ግቢው መሃል ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። የሚገባው ሁሉ ሲያያት ይደርቃል፤ ከዚያ ይስቃል፤ ከዚያ ይቆጣል።

«አንቺ ሰይጣን! ወጤን እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት!» አለች አንዷ።

«እኔ ነኝ የጣድኩት? ፊደል ቆጥራችሁ ሁለት መስመር መጨረስ ያቃታችሁ እናንተ! እኔ ያልተማርኩት በስንት ጣዕሜ!» አለች አፀደ። «ቁሙ እንግዲህ፣ ወንበር ላውጣ።»

አወጣች። ሞላ። ደግማ አወጣች። አቶ ከበበውና በንቲ አገዟት፤ አግዳሚው አለቀና ሰው ድስት ደፍቶ ተቀመጠበት። የኮርሳን ወግ አነሱ፤ አፀደ ጥሩምባ ስትነፋ ምን እንደምትመስል በንቲ አስመሰለና ኖላዊ እንኳ ሳቀ። ሲመሽም እየተሳደቡ ተበተኑ።

አፀደ አግዳሚዎቹን መልሳ ስትደረድር እንደ ልማዷ መዳፏን በእያንዳንዱ ላይ አሳለፈች። መዳፏን አየችው። አቧራ የለበትም።

ዶርቃ ስልኳን እያየች በሩ ላይ ቆማለች። «ለሁሉም ደርሷል እማማ። ሙከራው ተሳክቷል።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«አባላችን ጸሐይወርቅ ጋስ?»

ዶርቃ አየች። «ደርሷቸዋል።»

«ብስራተ ገብርኤል ሆና፣ እዚህ አፍንጫችን ሥር፣ አልመጣችም።» አፀደ በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉን አንገቷ ውስጥ መለሰች። «ደህና። ስትሞት የተሰነጠቀውን ድስት ነው የማወጣላት።»